የእማዬ የግመል ወተትና የአምስት ቀኑ ሥልጠና

እማዬ ስኳር አለባት። ዓይነት ሁለት የሚባለው። ክኒኗን ጠዋትና ማታ ትውጥ ነበር። አምና ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከአንዲት ወተት ሻጭ ጋር ተዋወቀችና ነገር ተበላሸ። በየጠዋቱ አንድ ሃይላንድ ሙሉ የግመል ወተት ቤት ይመጣል። ጥሬውን፣ ጭስ ጭስ የሚለው። ሴትየዋ «ግመል የማትበላው ቅጠል የለም፤ ወተቷ መድኃኒት ነው» ብላታለች። እማዬ ክኒኑን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እኔ ነርስ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን እዚሁ ድሬዳዋ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የምንከታተልበት ክፍል ነኝ። ስለዚህ እንደ ባለሙያ ቆጣ ብዬ «እማዬ፣ የግመል ወተት ስኳር አያድንም» አልኳት።

«ጥናት አለው ተብሏል» አለችኝ። ፌስቡክ ላይ አይታ ነው።

«የለውም!»

«የለውም የምትይው ምን አንብበሽ ነው?»

አቦ! ምንም አላነበብኩም። አንድ ገጽ እንኳ። እሷ ቢያንስ ፌስቡክ አንብባለች።

በዚያው ሳምንት ቴሌግራም ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለቀቀ። የጥናት ማስረጃን በጤናና በሥነ ምግብ ሥራ ላይ ስለመጠቀም የአምስት ቀን ሥልጠና። ዋጋው 3,000 ብር፣ ምሳና ሻይ ጨምሮ፣ ለሙያ ፈቃድ ማሳደሻ የሚሆን የሲፒዲ (የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ አለው። ቦታው ከዚራ አካባቢ ያለ ሆቴል። አዘጋጁንም ሆቴሉንም በስም አልጠራም፤ የማወራው ስለ ትምህርቱ ነው። ተመሳሳይ ሥልጠና ሊገባ ላሰበ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

ሥራ ቦታ ሳወራ መጀመሪያ የተጠየቅኩት «አበሉ ስንት ነው?» የሚል ነበር። አበል የለውም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው ስል ሳቁብኝ። «ከፍለሽ ልትሠለጥኚ?» እውነታቸውን ነው፤ እኛ አገር ሥልጠና ማለት አበል ነው። ግን አንድ ነገር ታዘብኩ። አበል ስለሌለ አዳራሹ ውስጥ የተገኘነው 26 ሰዎች በሙሉ ሊማሩ የመጡ ነበሩ። ፈርሞ የሚጠፋ ሰው አልነበረም። ከሰዓት በኋላ ግን፣ ሰባት ተኩል ላይ፣ ኤሲው ተበላሽቶ፣ በድሬ ሙቀት፣ አንዳንዱ ወንድ ዓይኑ በር በሩን ያይ ጀመር። የበርጫ ሰዓት ነዋ።

የመጀመሪያውን ቀን ቶሎ ልለፈው። ሁለት ሰዓት ተኩል ተብሎ አራት ሰዓት ተጀመረ። የመክፈቻ ንግግር፣ ፎቶ፣ ሻይ፣ ሳምቡሳ። ሳምቡሳው ጥሩ ነበር። ከዚያ ብዙ ስላይድ። ከዚያ ሁሉ ስላይድ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው አንድ ነው፦ የጄምስ ሊንድ ታሪክ። እንግሊዛዊ መርከብ ላይ ያለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም፣ 1747 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፣ ስከርቪ የሚባለው የቫይታሚን ሲ እጥረት ይዟቸው ድዳቸው የሚደማ 12 መርከበኞች። ሁለት ሁለት አድርጎ ስድስት ቦታ ከፈላቸው። አንዱን ጥንድ ኮምጣጤ፣ አንዱን የባሕር ውኃ እያለ የተለያየ ነገር ሰጣቸው። ብርቱካንና ሎሚ የደረሳቸው ሁለቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ተነሡ። በብርቱካን ላደገ የምሥራቅ ሰው ይሄ አይገርምም። የገረመኝ ሌላ ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲሰጥ የወሰነው 1795 ነው። 48 ዓመት! ጎኔ የተቀመጠው የጤና መኮንን «ደብዳቤው ከቢሮ እስኪወጣ ነው» ብሎ አሳቀን።

በሁለተኛው ቀን ጥያቄ አጠያየቅ ተማርን። ለካ እኔ ጥያቄ አልችልም። «የግመል ወተት ለስኳር ይጠቅማል ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። አሠልጣኙ ወረቀቴን አየና «ለማን?» አለኝ። ለስኳር በሽተኛ። «ለየትኛው? ዕድሜው ስንት ነው? ክኒን ላይ ነው ኢንሱሊን ላይ?» እሺ። «ወተቱ ምን ያህል? ከክኒን ጋር ነው ወይስ በክኒን ፋንታ? ከምን ጋር ስታወዳድሪው? ይጠቅማል ስትይስ ምኑን ነው፣ የጠዋቱን ስኳር ነው፣ የሦስት ወሩን ነው፣ ዓይንና ኩላሊቷን ነው?»

ይሄንን ፒኮ ይሉታል። ማን ላይ፣ ምን ተደርጎ፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ፣ ምን ውጤት። አራት ጥያቄ ነው፤ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን ጥያቄዬን በአራቱ ቆራርጬ ስጽፈው እኔና እማዬ ለወራት ስንጣላ የነበረው በሁለት የተለያየ ነገር እንደሆነ ገባኝ። እኔ «ወተቱ ክኒኑን አይተካም» እላለሁ። እሷ «ወተቱ ይጠቅማል» ትላለች። ሁለታችንም ልክ ልንሆን እንችላለን።

ሦስተኛው ቀን ብቻውን 3,000 ብሩን ያወጣል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አሠልጣኙ ጠዋት ገብቶ ስላይድ አልከፈተም። «ትኩሳት ያለበት፣ እጅ እግሩ የቀዘቀዘ፣ በሾክ ላይ ያለ፣ ማለትም ደሙ በአግባቡ የማይዘዋወር ሕፃን መጣ። ፈሳሽ በደም ሥር ቶሎ ትለቁለታላችሁ?» አለ። እጅ አውጡ። 26ታችንም አወጣን። ማን አያወጣም? እንደዚያ ነው የተማርነው። ከዚያ አንድ ወረቀት አደለን። 2011 ላይ የወጣ ጥናት ነው፤ ፊስት ይባላል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ውስጥ ከ3,000 በላይ ሕፃናት በዕጣ ተመድበው ነው የተሠራው። ቶሎ ፈሳሽ የተለቀቀላቸው ቡድኖች ውስጥ በ48 ሰዓት የሞቱት ከ100 ልጅ 10.5 ናቸው። ያልተለቀቀላቸው ውስጥ 7.3።

አንዴ አነበብኩት። የገለበጥኩት መሰለኝና ደግሜ አነበብኩት። ተጨማሪ የሞቱት ፈሳሹ የተሰጣቸው ናቸው። ቀንሱና አካፍሉ አለን፤ 30 ገደማ ልጅ ላይ በተደረገ ቁጥር አንድ ተጨማሪ ሞት። አዳራሹ ጭጭ አለ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አንጋፋ የጤና መኮንን መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ምን እንደሚያስቡ ሁላችንም እናውቃለን።

አሠልጣኙ እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ አደገኛ ሥልጠና ይሆን ነበር። አላቆመም። «አሁን ደግሞ ጥናቱ ውስጥ ያልገቡት እነማን እንደሆኑ ፈልጉ» አለ። ፈለግን። ተቅማጥና ትውከት ይዞ የመጣ ልጅ የለበትም። በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅም የለበትም። «ስለዚህ ነገ በተቅማጥ ውኃው ያለቀ ልጅ ሲመጣ ይሄን ወረቀት ይዛችሁ ፈሳሽ አትከልክሉ» አለ። አንድ ወረቀት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሐሳባችንን አስቀየረን። በሕይወቴ እንደዚያ ተምሬ አላውቅም።

ከሻይ በኋላ የመጣው ደግሞ የራሴ እንጀራ ነው። እኔ ክፍል የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ሲመጣ፣ ሌላ ሕመም ከሌለበትና የምግብ ፍላጎት ካለው፣ ፕላምፒናት የሚባለውን በኦቾሎኒ የተሠራ ምግብ እንሰጠዋለን፤ አብሮም አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ። ለምን አሞክሳሲሊን? ጋይድላይኑ ስለሚል። ከዚያ ያለፈ ጠይቄ አላውቅም።

ሁለት ጥናት አስቀመጠልን። አንዱ ማላዊ፣ 2013። 2,767 ልጆች። ከፕላምፒናት ዓይነቱ ምግብ ጋር የውሸት መድኃኒት ከተሰጣቸው 7.4 በመቶው ሞቱ፤ አሞክሳሲሊን ከወሰዱት 4.8 በመቶው። ሌላው ኒጀር፣ 2016። ከ2,400 በላይ ልጆች። አሞክሳሲሊን ከወሰዱት 65.9 በመቶው አገገሙ፤ ካልወሰዱት 62.7 በመቶው። በዕድል ሊመጣ የሚችል ልዩነት ነው። ወደ ሆስፒታል የሚላኩትን ልጆች ግን መድኃኒቱ ቀንሷል።

ታዲያ ማንን እንመን? ሁለት ቡድን ተከፍለን ተከራከርን። ክርክሩ ድምፅ ማጉያ አላስፈለገውም፤ የድሬ ሰው መሆናችንን አስመስክረናል። መጨረሻ ላይ ወደዚያው ወደ ሁለተኛው ቀን ጥያቄ ተመለስን። ማን ላይ? የማላዊዎቹ ልጆች አብዛኞቹ እግራቸው ያበጠ ነበሩ፤ ኤች አይ ቪም በአካባቢው ብዙ ነው። የኒጀሮቹ የከሱ ናቸው። የኔ ክፍል ልጆች የትኞቹን ይመስላሉ? መዝገቡ እጄ ላይ ነው፤ ያበጠና የከሳ ብዬ በየቀኑ እጽፋለሁ። ቆጥሬ ግን አላውቅም ነበር። ያን ቀን ማታ ተረኛዋን ደውዬ ያለፈውን ወር አስቆጠርኳት። ካሰብኩት በጣም ያነሱ ናቸው ያበጡት።

መድኃኒቱን አቋረጥሽ ወይ የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አላቋረጥኩም። ጋይድላይን እኔ ብቻዬን የምቀይረው ነገር አይደለም፤ ሥልጠናውም እንደዚያ አላለም። ግን አሁን ሽሮፑን ለእናት ስሰጥ ለምን እንደምሰጥ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ከሦስተኛው ቀን ልውጣ። የማላዊውን ቁጥር አሠልጣኙ በሁለት መንገድ ጻፈው። «ሞትን በ35 በመቶ ቀነሰ።» ቀጥሎ «38 ልጅ ሲወስደው አንድ ልጅ ይተርፋል።» ያው አንድ ቁጥር ነው። የመጀመሪያውን ሳነብ መድኃኒቱ ተአምር መሰለኝ። ሁለተኛውን ሳነብ የኔ ክፍል ታየኝ፤ በወር አሥራ ምናምን ልጅ ስለምንቀበል በሦስት ወር አንድ ልጅ ማለት ነው። ማስታወቂያ ላይ ሁልጊዜ የምናየው የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትም።

አራተኛው ቀን ተበላሸ። ትምህርቱ ኢንተርኔት ላይ ጥናት መፈለግ ነበር። የሆቴሉ ዋይፋይ ለ26 ሰው አልበቃም። ከዚያ መብራት ሄደ። ስለዚህ ፐብሜድ የሚባለውን የጥናት መፈለጊያ ድረ ገጽ ግማሾቻችን በራሳችን ዳታ፣ ግማሾቻችን በጎረቤት ስልክ አየነው። ሂናሪ የሚባለውንም አሳዩን። የዓለም ጤና ድርጅት 2002 ላይ ያስጀመረው ነው፤ በገንዘብ የሚሸጡ መጽሔቶችን እንደኛ ባሉ አገሮች ላሉ ተቋማት በነፃ ይከፍታል። ደስ ብሎን ሳንጨርስ የይለፍ ቃሉ የሚሰጠው ለተቋም እንጂ ለግለሰብ እንዳልሆነ ሰማን። ከዩኒቨርሲቲና ከሆስፒታል የመጡት አላቸው። እኛ የጤና ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ተያየን። ተቋማችሁ ማመልከት ይችላል ተባልን። አሠልጣኙ ባዶ እጃችንን አልላከንም፤ ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የሚባለው ድርጅት በየግምገማው ላይ ለማንም ሰው እንዲገባ አድርጎ የሚጽፈውን አጭር ማጠቃለያ በነፃ ማንበብ እንደሚቻል አሳየን። እኔ ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው እሱን ነው።

ኮክሬን 1993 የተቋቋመ ነው። አርማው ላይ ያሉት አግድም መስመሮች ጌጥ ይመስሉኝ ነበር። እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥናት ነው። ያለጊዜዋ ምጥ የመጣባት እናት የስቴሮይድ መርፌ ብትወጋ ልጁ ይተርፋል ወይ የሚል። የመጀመሪያው 1972 የወጣ ነው። ለየብቻቸው ሲታዩ አብዛኞቹ መስመሮች መሐል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመውን መስመር ይነካሉ፤ እርግጡ አይለይም። አንድ ላይ ሲደመሩ ግን ታች ያለችው ትንሽ አልማዝ ወደ ግራ፣ ወደ መትረፍ ትወጣለች። ከጎኔ የነበረችው አዋላጅ «ይሄ እኛ የምንወጋት ዴክሳ ናት እንዴ!» ብላ ጮኸች። አዎ፣ ከነዚያ ስቴሮይዶች አንዷ ናት። ለዓመታት ወግታለች፤ አርማውን አታውቀውም ነበር።

አምስተኛው ቀን ቅጽ መሙላት ነበር። «የድርጊት መርሐ ግብር» የሚባለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሞላን። ሰርተፍኬት ተሰጠን። የኔ ላይ የአባቴ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቷል፤ ይስተካከላል ተብዬ እስካሁን እየጠበቅኩ ነው።

ቅሬታዬን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ስላይዱ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው። አሠልጣኞቹ በአማርኛ ያስረዳሉ፤ ጥሩ ያስረዳሉም። ግን በአምስት ቀን ውስጥ ይሄን ለታካሚ እንዴት እንደምንናገር አንድም ሰዓት አልተሰጠንም። እኔ ክፍል የምትመጣ እናት ግማሿ በኦሮምኛ፣ ሌላዋ በሶማሊኛ ነው የምታወራኝ። «በዕጣ ተመድበው» የሚለውን እንኳ በአማርኛ ስትሰማ ሎተሪ ነው የሚመስላት። ማስረጃ ማንበብ አንድ ሙያ ነው፤ እናት ፊት ቁጭ ብሎ ማስረዳት ሌላ። የመጀመሪያውን አስተምረውናል። ሁለተኛውን ራሳችን እንወጣው ተብሎ ነው መሰለኝ የተተወው። ሌላው ቅሬታዬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አንዲት እንኳ አለመጋበዟ ነው። ቤት ለቤት የምትሄደው እሷ ናት። የግመሉን ወተት፣ የአብሹን፣ የሺፈራው ቅጠሉን ጥያቄ ከኔ በፊት የምትሰማው እሷ ናት።

ከ10 ስንት ትሰጪዋለሽ ካላችሁኝ 7። ሦስተኛው ቀን ለብቻው 10፣ አራተኛው 3። ኤሲውን አልቆጠርኩትም። የምትመዘገቡ ከሆነ ዳታ ገዝታችሁ ሂዱ። ከሥራችሁ የወጣ አንድ እውነተኛ ጥያቄም ያዙ፤ ጥያቄ ይዞ ያልመጣው ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ፈዝዞ ነው የዋለው።

ወደ እማዬ ልመለስ።

ቅዳሜ ጠዋት ስልኬን ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ወተቱ መጥቷል፤ ሃይላንዱ ጠረጴዛው ላይ ነው። «እማዬ፣ ይቅርታ። ጥናት አለው» አልኳት። ደስ አላት። በድል ነው ያየችኝ።

ያገኘሁት ከሕንድ ነው፣ ራጃስታን ከሚባል ግመል ከሚረባበት አገር። 24 ሰዎች፣ ሁለት ዓመት። ግማሾቹ ከሕክምናቸው ጋር በቀን ግማሽ ሊትር የግመል ወተት ጠጡ። የጠጡት ስኳራቸው ተሻለ፤ የሚወጉት ኢንሱሊንም ቀነሰ። «ይኸው!» አለች። «ቆይ» አልኳት፣ «እነማን ናቸው ሰዎቹ?» ዓይነት አንድ ናቸው፤ ከጅምሩ ኢንሱሊን የሚወጉ። አንቺ ዓይነት ሁለት ነሽ፤ ክኒን ነው የምትወስጂው። ደግሞ ወተቱን የጠጡት ከሕክምናቸው ጋር ነው፤ በሕክምናቸው ፋንታ አይደለም። ደግሞ 12 ሰው በ12 ሰው ላይ ነው፤ እኛ ግቢ ለቡና የሚሰበሰበው እንኳ ከዚያ አያንስም። ደግሞ ማን ወተት እንደጠጣ ሁሉም ያውቃል፤ ወተት የሚጠጣው ሰው ሌላውንም ነገር ተጠንቅቆ ሊሆን ይችላል።

ዝም ብላ ሰማችኝ። በክርክር ዝም ብላ ስትሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ ጥሬ ወተት ስለሚያመጣው ብሩሴሎሲስ ነገርኳት። ትኩሳቱን፣ መገጣጠሚያ ላይ የሚያመጣውን ሕመም። እሱን ራሷ ታውቀዋለች፤ የጎረቤታችን ልጅ ታምሞ አይታለች። ተደራደርን። ወተቱ ይቀጥላል፣ ግን ተፈልቶ። ክኒኑም ከመሳቢያው ይወጣል። በወሩ መጨረሻ ደግሞ አብረን ሄደን እናስለካለን።

ተነሥታ ድስት አመጣች። ወተቱን ስትገለብጥ አንድ ነገር ትዝ አላት መሰለኝ ዞር ብላ አየችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የነዚያ የሕንዶቹ ግመል ምንድን ነው የምትበላው?»

ፈገግ አልኩ። ሁለተኛው ቀን ላይ አሠልጣኙ «ምን ተደርጎ የሚለውን በደንብ ለዩ» ያለን ይሄንኑ አይደል? መልሱን አላውቀውም። ለአሠልጣኙ በቴሌግራም ጻፍኩለት። ማታ መለሰልኝ፦ «እናትሽ በሚቀጥለው ዙር ይመዝገቡልኝ።»

ነገርኳት። «አበል አለው?» አለችኝ።